አውሮፕላኑ ተገዛ፣ ማስረጃውስ? የድሬዎች ክርክር

በድሬዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለት ተከታታይ ውይይት፣ የከፈተው አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። የምህንድስና ተማሪ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው አስታውቋል። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ አገር የጦር አውሮፕላን ሲገዛ፣ ያ አውሮፕላን በትልቅ አገር አየር ኃይል ውስጥ ለዓመታት ሲበር የቆየ ከሆነ፣ የበረራ ብቁነቱን፣ ማለት በደህና መብረር መቻሉን፣ እንደ አዲስ መመርመር ለምን ያስፈልጋል? አምራቹ ፈትኖታል። ትልቁ አገር ፈርሞበታል። እኛ ደግመን ብንፈትሽ ጊዜና ገንዘብ ከማባከን ሌላ ምን እናገኛለን? በጥያቄ መልክ አቀረበው እንጂ አቋም ነበር።

ድሬ ላይ ስለ አውሮፕላን የሚያወራ ሰው አይጠፋም። አየር ማረፊያው አፍንጫችን ሥር ነው፤ ድምፁን እየሰማን ነው ያደግነው። በሁለት ቀን ውስጥ ክሩ ሃያ ዘጠኝ መልስ ደረሰ። አንዳንዱ መልስ ብዙ ነገር ስላለው ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ፤ ሌላውን ቶሎ አልፈዋለሁ። እኔም መሀል ላይ ስለገባሁ ገለልተኛ ነኝ አልልም። የጦር አውሮፕላን ውስጥ የሚገባው የሰው ልጅ ነው። ብቁነቱን እንደ ተራ ወረቀት የሚያይ ሰው ሲገጥመኝ ያመኛል።

1ኛው መልስ ከከዚራ ሰፈር መጣ። ጨዋ አጻጻፍ ነው። ልጁን አመስግኖ ሐሳቡን ደገፈ፤ ነገሩን በመኪና አስረዳ። ሊብሬ ያለው መኪና ማንነቱ ታውቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ማሳደስ ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ ይሁን ባይ ነው። ምሳሌው ግማሽ መንገድ ይወስዳል። በአቪዬሽንም ሁለት ማረጋገጫ አለ። አንዱ ንድፉ ራሱ ደህና መሆኑን ይመለከታል። ሌላው እያንዳንዷ አውሮፕላን ከዚያ ንድፍ ጋር መግጠሟንና በአግባቡ መጠገኗን ያያል። የጦር አውሮፕላን ላይ ሲደረስ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ንድፉን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

ይህን 2ኛው መልስ ያዘው። ጸሐፊዋ የድሬ ልጅ ናት፤ አሁን ውጭ አገር በአውሮፕላን ጥገና ላይ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት በ3ኛ አንቀጹ የሚገዛው ሲቪል አውሮፕላኖችን ብቻ መሆኑን አስታወሰች። ለጦር ኃይል፣ ለጉምሩክና ለፖሊስ አገልግሎት የሚውለው የመንግሥት አውሮፕላን ይባላል፤ ከስምምነቱ ውጭ ነው። ስለዚህ የጦር አውሮፕላንን ብቁነት መጥቶ የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ተቋም የለም። እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ይፈርማል። የትልቁ አገር ፊርማም የሚያገለግለው ትልቁን አገር ነው፤ ለእሱ አበራረር፣ ለእሱ ጥገና፣ እሱ ለገጠመው መሣሪያ የተሰጠ ነውና። ለእኛ ጥሩ መነሻ ይሆነናል። ኃላፊነቱን ግን አይወስድልንም።

3ኛው አጭር ነው። አቦ ይሄ ሁሉ ቢሮክራሲ ነው ባይ ነው። ብዙ ሰው ወደደው።

4ኛው የእኔ ነው። የእንግሊዝን የቺኑክ ታሪክ አመጣሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1995 ለልዩ ኃይሏ ስምንት ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች አዘዘች። ዋጋቸው 259 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ቺኑክን ታውቀዋለች፤ ከዚያ በፊትም ስታበረው ኖራለች። የአዲሶቹ ኮክፒት፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ግን ተቀይሯል። ግማሹ አናሎግ፣ ግማሹ በሶፍትዌር የሚሠራ ዲጂታል ነው። በ2001 ሄሊኮፕተሮቹ ገቡ። ባለሙያዎቹ ሶፍትዌሩ አደጋ ላይ እንደማይጥል የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቁ፤ ሶርስ ኮዱንና የአሠራሩን ሰነድ ማለት ነው። ውሉ ውስጥ አልነበረም። አምራቹ ውሉ ያዘዘውን አሟልቶ አስረክቧል፤ ከዚያ በላይ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ነገር የለም። በመጨረሻ ሄሊኮፕተሮቹ ሰማዩ ጥርት ሲል ብቻ፣ ያውም ከ500 ጫማ በላይ እንዲበሩ ተፈቀደላቸው። ልዩ ኃይል የሚፈልጋቸው ደግሞ በጨለማ፣ መሬት ታክከው እንዲሄዱ ነው። ለዓመታት ሃንጋር ውስጥ ቆሙ። ኮክፒታቸው ወደ ድሮው ዓይነት ከተመለሰ በኋላ ነው ለሥራ የበቁት።

ይህን የጻፍኩት ልጁን ለማሳፈር ብዬ አይደለም። ከሰነዶቹ በቀር የጎደለ ነገር አልነበረም። ሰነዶቹ ደግሞ ውል ሲፈረም ካልተጠየቁ በኋላ በልመና የሚገኙ አይደሉም። እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ የያዝኩት አቋምም ይኸው ነው፦ የብቁነት ማስረጃ ከአውሮፕላኑ ጋር፣ በዚያው ውል፣ በዋጋ ይገዛል።

ልጁ በ5ኛው መልስ ተመልሶ መጣ። እጅ የሚሰጥ ዓይነት አይደለም። ሆላንድ በዚያው ዘመን ዲጂታል ኮክፒት ያለው ቺኑክ ገዝታ ስታበር እንደነበር አነሳ። ስለዚህ እንግሊዝን ያሰራት የራሷ ደንብ ነው፤ የቺኑክ ጥፋት የለበትም። እውነቱን ነው። ይህን ነጥብ ፈልጎ ማግኘቱ ደስ አለኝ።

6ኛው መልስ የእህታችን ነው፤ 2ኛውን የጻፈችው የጥገና ባለሙያ ማለቴ ነው። ሁለት አገሮች ተመሳሳይ ማሽን ይዘው የተለያየ ውሳኔ ሊሰጡ እንደሚችሉ ተቀበለችለት። እንዲያውም የባሰ ምሳሌ ጨመረች። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1997 አሥራ አንድ ሲስፕራይት ሄሊኮፕተሮች አዘዘች። አካላቸው የድሮ ነው፤ ታድሶ አዲስ ኤሌክትሮኒክስ ተገጠመለት። የበረራ መቆጣጠሪያው የአውስትራሊያን የብቁነት መመዘኛ ሊያሟላ አልቻለም። በ2008 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። ወደ 1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ፈሰሰ። ከዚያ በ2013 ኒውዚላንድ እነዚያኑ ሄሊኮፕተሮች በ242 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ገዛቻቸው፤ አስተካክላም አበረረቻቸው። የእህታችን ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የትኛውን መመዘኛ እንደሚጠቀም ገዢው አገር ራሱ ከግዥው በፊት መወሰን አለበት። መመዘኛውን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ አምራቹም በዚያው ይዋዋል። ዕቃው ከገባ በኋላ መመዘኛ ማንሳት ገንዘብን ማቃጠል ነው።

7ኛው መልስ ክሩን ከፍ አደረገው። የጻፉት ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሽያን ናቸው። መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ጽፈው ይወጣሉ። ያን ቀን ግን ረጅም ጻፉ።

እሳቸው የሠሩት አገሪቱ ከአሜሪካ ሥሪት ወደ ሶቪየት ሥሪት በዞረችበት ዘመን ነው። ኤፍ-5 የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት የመጣው ከነመጽሐፉ፣ ከነጥገና መመሪያው፣ ነው። ዕቃው በመጽሐፉ መሠረት ይመረመራል። ደህና ከሆነ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ይቀየራል። አምራቹ ጋ አዲስ ችግር ከታወቀ የማሻሻያ ትዕዛዝ ይላካል፤ መጽሐፉም ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ጋር ነገር ሲበላሽ ሰው የሚያወራው ስለተቋረጠው መሣሪያና መለዋወጫ ነው። ጋሼ ግን የመጽሐፉ እድሳት መቋረጡንም ቁጠሩት አሉ። በዚያው ዓመት ሶማሊያ ስትወር ድሬ ራሷ ጦር ሜዳ ሆነች። አየሩን የያዙት እነዚያው ኤፍ-5ዎች ነበሩ።

የሶቪየቱ ተዋጊ ጄት ሚግ ሲመጣ አሠራሩ ሌላ ሆነ። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ፓስፖርት አለው። ፓስፖርት የሚሉት ከሞተሩ የማይለይ ደብተር ነው። መቼ ተመረተ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ መቼ ታደሰ፣ ማን ፈረመበት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ጋሼ አንድ ነገር በዝርዝር ጻፉ። ሞተር ከመገጠሙ በፊት ሁለት ሰው ይቆማል። አንዱ ደብተሩን ይዞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው ጎንበስ ብሎ የሞተሩን የብረት ታርጋ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ዘይቱ ሲለቅ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ መልሶ ያነባል። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ሁለቱ ንባብ ካልገጠመ ሞተሩ ከቦታው አይነቃነቅም። የተፈቀደለት ሰዓት ወይም ዓመት ከሞላ ደግሞ ድምፁ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ይወርዳል። ወደ ፋብሪካ ይሄዳል።

ቀጥለው ያሉት ነገር ከክሩ ሁሉ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንደኛው አሠራር ውሳኔው የእኛ ቴክኒሽያን እጅ ላይ ነበር፤ የሚመካው ግን ከውጭ በሚታደስ መጽሐፍ ነው። በሁለተኛው ውሳኔው ያለው ፋብሪካው ጋ ነው፤ እኛ ቁጥር ቆጥረን እንልካለን። ስለዚህ ከማን እንደምትገዛ ስትወስን፣ ወደፊት ብቁነትህን ማን እንደሚወስንልህም አብረህ ወሰንክ። የሳቢያኑ ልጅ ጥያቄውን ሲያነሳ ይህን አላሰበውም። ብዙዎቻችንም አላሰብነውም።

8ኛውና 9ኛው ምስጋና ናቸው። 10ኛው ላይ አንድ የአዲስ አበባ ሰው፣ ጋሼ ሐረር ሜዳ ሠርተው ከሆነ፣ ሐረር ስሄድ ቦታውን ከጀጎል በእግር መድረስ ይቻል ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሐረሮች እዚህ ላይ ትዕግሥት የላቸውም። 11ኛውና 12ኛው ተረባረቡበት። ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ ነው፤ ያለውም ደብረ ዘይት ነው። ስሙን ሰምቶ ሐረር የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ቡናና ጅብ ነው ተባለ። አንዱማ የሰውየውን ትምህርት ቤት እስከመጠየቅ ደረሰ። ይህ አያስፈልግም ነበር። ሰውየው በቅን ልብ ነው የጠየቀው።

13ኛው የአወያዩ ነው። ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ። ሌላም ማሳሰቢያ ጨመረ። ድሬ ላይ ምን አለ፣ የት ቆሟል፣ ስንት ነው የሚል ነገር አይጻፍ፤ ፎቶም አይለጠፍ። ትክክል ነው። ስለ ብቁነት ለመወያየት የማንንም ሃንጋር መቁጠር አያስፈልግም።

በ14ኛው መልስ የከዚራው ሰው ሌላ መንገድ አቀረበ። ወታደራዊው ማረጋገጫ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ሲቪል ሰርቲፊኬት ያለውን አውሮፕላን ገዝቶ ለጦሩ አገልግሎት መቀየር አይሻልም ወይ? ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙ አገርም ይሠራበታል። በ15ኛው መልስ እህታችን ኬሲ-46ን አነሳች። መሠረቱ ቦይንግ 767 ነው፤ ዓለም የሚያውቀው የመንገደኛ አውሮፕላን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋጋው በተቆረጠ ውል በአየር ላይ ነዳጅ የሚያቀብል እንዲሆን አዘዘችው። የሲቪሉ ባለሥልጣን ማረጋገጫም የወታደሩም ማረጋገጫ ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያውን የተረከበችው በጥር 2019 ነው። አምራቹ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረበት። የሲቪሉ ወረቀት የመንገደኛውን አውሮፕላን ይሸፍናል። ቧንቧ ዘርግቶ በአየር ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር መገናኘት ሲመጣ ግን ወታደሩ ራሱ ሊፈትንና ሊፈርም ግድ ነው። መንገዱ ሥራውን ይቀንሳል። አያጠፋውም።

16ኛው ከሐረር ነው፤ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ሰው ይመስላል። ኤ400ኤም የተባለውን የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን አመጣ። ሰባት የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ለ180 አውሮፕላኖች አንድ ውል ገቡ። ዋጋው ቀድሞ የተቆረጠ ነው። አውሮፕላኑ የሲቪል ሰርቲፊኬት እንዲያገኝ፣ ከዚያ የወታደሩ ማረጋገጫ እንዲጨመርበት ተስማሙ። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሲቪሉን የማረጋገጫ ደንብ ለማሟላት ብዙ ጊዜ ወሰደ። እያንዳንዱ የኮድ መስመር ከየት እንደመጣ፣ በምን ፈተና እንዳለፈ በሰነድ መታየት አለበትና። የመጀመሪያው በረራ በታኅሣሥ 2009 ሆነ። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ባለሥልጣን ሰርቲፊኬቱን የሰጠው በመጋቢት 2013 ነው። እዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ ግን በግንቦት 2015 ስፔን ውስጥ ሴቪያ ከተማ አጠገብ የወደቀውን ኤ400ኤም አንስቶ፣ ሰርቲፊኬቱ ዋጋ እንደሌለው ማሳያ አደረገው።

17ኛው አረመው፤ ትንሽ ኮምጠጥ ባለ አማርኛ። ሴቪያ ላይ የወደቀው ከፋብሪካ ገና የወጣ አውሮፕላን ነው፤ በሙከራ በረራ ላይ ነበር። አራት ሰዎች ሞቱ። ከአራቱ ሞተሮች በሦስቱ ላይ ሶፍትዌር ሲጫን የልኬት መረጃቸው ጠፍቶ ነበር። ንድፉ ተረጋግጧል፤ ያቺ አውሮፕላን ግን ከንድፉ ጋር አልገጠመችም። ይህ 1ኛው መልስ ላይ ሊብሬና ቦሎ ተብሎ የተለየው ነገር ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ኮምጣጣነቱን ብንተወው እርማቱ ልክ ነው።

18ኛው መልስ የእኛው የድሬ ጉዳይ ስለሆነ ቆም ልበልበት። ጸሐፊው ስሌት ይዞ ነው የመጣው። የድሬ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ነው። ለአውሮፕላን ስሌት መነሻ በሚሆነው መመዘኛ አየር መሠረት እዚያ ከፍታ ላይ ሊኖር የሚገባው ሙቀት ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ነው። በግንቦት ከሰዓት በኋላ 36 ዲግሪ ሲገባስ? አየሩ ይሳሳል። ክንፉና ሞተሩ የሚሰማቸው 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደቆሙ ነው። ይህ ከሐረር ከተማ ከፍታ ይበልጣል፤ ሐረር 1,900 ሜትር አትሞላም። ስለዚህ የመነሻ ርቀቱ ይረዝማል፣ የሚጫነው ይቀንሳል፣ አንድ ሞተር ቢጠፋ የመውጣት ጉልበቱ ያንሳል። ይህን ማወቅ የበረራ ብቁነት አንዱ አካል ነው። ቀዝቃዛ አገር፣ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተፈተነ አውሮፕላን ስትገዛ የድሬን ከሰዓት የሚሸፍን የፈተና መረጃ አለው ወይ ብለህ ትጠይቃለህ። ከሌለው ደግሞ በውሉ ውስጥ እዚሁ መጥቶ እንዲፈተን ታደርጋለህ። የትልቁ አገር ፊርማ ለእኛ ለምን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ክሩ ላይ አልተሰጠም። ልጁም ይህን መልስ ወደደው።

19ኛው መልስ ነገሩን አከረረው። ጸሐፊው ውጭ አገር ተቀምጦ ስለ ሰነድ ማስተማር ቀላል ነው አለ። ደሃ አገር የብቁነት ባለሥልጣን ማቋቋም አይችልም። ጠላት ድንበር ላይ ሲመጣ ወረቀት የሚያገላብጥ የለም። አዛዡ ይብረር ካለ ይበራል፤ ኃላፊነቱም የአዛዡ ነው። እህታችን ሳትሰደብ የተሰደበች ያህል ነበር። መልሷ ግን፣ 20ኛው ማለት ነው፣ የተረጋጋ ነበር። ድሃ ነን የሚለውን ክርክር ወደ ጀርመን ወሰደችው። ጀርመን ዩሮ ሆክ የተባለውን ትልቅ ሰው አልባ አውሮፕላን ለማስገባት ከ500 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ተወችው። በአውሮፓ ሰማይ ለመብረር የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ ማግኘት ሌላ ይህን የሚያህል ገንዘብ ሊጠይቅ ነበር። ጀርመን ይህን ኪሳራ ትችለዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት የሚችል አገር ግን አይችለውም። ማስረጃን ቀድሞ መጠየቅ ለድሃ ይበልጥ ያስፈልገዋል ባይ ናት።

21ኛው የእኔ ነው፤ አዛዡ ይፈርም ለሚለው። ናምሮድ ኤክስቪ230ን አነሳሁ። ናምሮድ የእንግሊዝ አየር ኃይል ከ1969 ጀምሮ ያበረረው የቅኝት አውሮፕላን ነው። መስከረም 2 ቀን 2006፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አፍጋኒስታን ላይ በአየር ላይ ነዳጅ ከተቀበለ በኋላ ተቃጥሎ ወደቀ። አሥራ አራት ሰዎች ሞቱ። የፈሰሰ ነዳጅ የጋለ ቱቦ ነክቶ ነው ተባለ። ከአደጋው በፊት የአውሮፕላኑ የደህንነት ሰነድ ተዘጋጅቶ ነበር። አደጋውን የመረመረው፣ በ2009 የወጣው የሃደን ኬቭ ሪፖርት ያንን ሰነድ ክፉኛ ነቀፈው። አዘጋጆቹ አውሮፕላኑ ለዓመታት በመብረሩ ብቻ ደህና ነው ብለው ተነስተዋል። ሳቢያኑ ልጅ ጥያቄውን የከፈተበት ሐሳብ ይኸው ነው። እንግሊዝ ከሪፖርቱ በኋላ በሚያዝያ 2010 ከአብራሪው ክፍል የተለየ ወታደራዊ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አቋቋመች። አውሮፕላኑ ዛሬ እንዲነሳ የሚቸኩለው ሰውና ብቁ ነው ብሎ የሚፈርመው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም። ጦርነት ሲመጣ አዛዡ አደጋውን ልቀበል ሊል ይችላል፤ ሥልጣኑም አለው። ግን የሚቀበለው አደጋ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

22ኛው መልስ ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬ ተነስቶ ወደ ደብረ ዘይት ሲበር የወደቀውን የጦር አውሮፕላን አነሳ። ተሳፋሪዎቹ አልተረፉም። ጸሐፊው ከሟቾቹ አንዱን ያውቅ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጻፈም። ቀጣዮቹ ሁለት መልሶች ነፍስ ይማር ብቻ ናቸው። አወያዩ ስለ ምክንያቱ ማንም እንዳይገምት ከለከለ፤ ማንም አልገመተም። 19ኛውን የጻፈው ሰው 25ኛው ላይ ተመልሶ መጣ። አቋሙን አልቀየረም፤ ለእህታችን ግን ይቅርታ ጠየቀ።

26ኛው የልጁ ነው። ጥያቄውን አሻሻለው። መመርመር ይገባል ወይ ማለቱን ትቶ፣ ገዢው አገር ውሉ ላይ ምን ምን ይጠይቅ አለ። 27ኛው ላይ እህታችን መለሰች፤ እኔም ከሥሩ ጨመርኩ። ንድፉ በምን መመዘኛ እንደተረጋገጠና የፈተናው ውጤት ይሰጠን። የሶፍትዌሩን ሰነድ ቢያንስ ገብተን የማየት መብት ይኑረን። እኛ የምንፈልገው መሣሪያ ተጨምሮ ከሆነ የተጨመረውም ይረጋገጥ፤ ሻጩ አገር የፈረመው በራሱ ገጠማ ላይ ነውና። የመጽሐፉ እድሳት እስከ አውሮፕላኑ ዕድሜ መጨረሻ ይላክልን፤ የሻጭና የገዢ ወዳጅነት ቢበላሽ ምን እንደሚሆንም ይጻፍ። ያገለገለ ወይም በስጦታ የመጣ ከሆነ ሙሉ የጥገና ታሪኩ ከእሱ ጋር ይምጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኢትዮጵያ ሲ-130 የተባለውን የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ሰጥታለች፤ ስጦታም ቢሆን ታሪኩ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ አለበት። ኪራይ ከሆነም ማን ለብቁነቱ ተጠያቂ እንደሆነ ይለይ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር ለ27 ዓመት በገባችው ውል አሥራ አራት የነዳጅ አቀባይ አውሮፕላኖች ታገኛለች። ባለንብረቱ ኩባንያው ነው፤ አንዳንዶቹ በሲቪል መዝገብ ላይ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ኃላፊነቱ የት ጋ እንደሚጀምርና የት ጋ እንደሚያበቃ በጽሑፍ ካልተለየ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል።

28ኛው ላይ አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ገባ። ስለ ድሬው ወርክሾፕ ረጅም ጻፈ፤ ፈረንሳዮቹ ስለተዉት መሣሪያ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ በቶርኖ ስለሚሠራው ዕቃ። ሰው ሁሉ ወደ ባቡር ትዝታ ሊዞር ነበር። ጋሼ ግን ይህንንም ወደ ርዕሱ መለሱት። በ29ኛው መልሳቸው የባቡሩን ሠራተኛ እጅ አደነቁ። ለአውሮፕላን ግን እዚህ የተሠራ ብረት ልኩ ቢገጥምም አይበቃም አሉ። ከምን ዓይነት ብረት እንደተሠራ፣ እንዴት እንደጠነከረ፣ ማን እንደፈተነው ካልታወቀ እሳቸው አይገጥሙትም። ሰውየው ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

በዚያው መልስ ጋሼ ከእኔም ጋር ተለያዩ። እኔ የአገራችን ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ልምድ ስላለው፣ ከመንገደኛ አውሮፕላን ለተቀየሩ የጦር ማመላለሻዎች መነሻውን ማረጋገጫ እሱ ቢሰጥ ብዬ ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። ሲቪሉ መሥሪያ ቤት ወታደሩ አውሮፕላኑን እንዴት እንደሚጠቀምበት አያይም፤ ማየትም አይፈቀድለትም። ስለዚህ የሚፈርመው በግማሽ ዓይኑ ነው። የእሳቸው ሐሳብ ትንሽ ክፍል ነው፦ ከአብራሪዎቹ ዕዝ ውጭ የሆነ፣ አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ሰዎቹ ፋብሪካው ድረስ ተልከው የሠለጠኑበት፣ የሥልጠናው ወጪም በዚያው የግዥ ውል ውስጥ የተያዘለት። ሥልጠናው ቀድሞ በውሉ ይገባ ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በሲቪሉ መሥሪያ ቤት ላይ ግን አልተግባባንም፤ እኔ አሁንም መነሻውን እሱ ቢይዘው ጊዜም ገንዘብም ይቆጠባል እላለሁ። አወያዩ ጥያቄው ለብቻው ይሁን ብሎ አዲስ ክር ከፍቶለታል። የሳቢያኑ ልጅ እዚያም ቀድሞ ጽፏል፤ ጋሼን ደግፎ ነው።